ውሃው ነዷል፤ የከፈለው ግን ማን ነው?

በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ። ለአዲስ አንባቢዎች።

ከማንበባችሁ በፊት እነዚህን ቃላት ደጋግማችሁ አንብቡ።

ሃይድሮጂን፦ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው፣ ከአየር በጣም የቀለለ፣ የሚነድ ጋዝ።
አፋጣኝ፦ ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ነገሮች ለውጥ የሚያፋጥን ነገር። በውጭ ቋንቋ ካታሊስት ይባላል።
ነዳጅ ሴል፦ ሃይድሮጂንን ከአየር ኦክሲጂን ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ።

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ትንሽ መስሎኝ ነበር።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ በገበያ ቀን ጌሾ የሚሸጡ እናት ናቸው። አንድ ማታ ከትምህርቱ በኋላ እጃቸውን አነሡና የደረሰባቸውን ነገሩን።

በገበያው መሐል አንድ ሰው ጣሳ ይዞ ቆሟል። ግራጫ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ጨመረ። ከላዩ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው ተንተከተከ። ሰውዬው ክብሪት ጫረ። ነበልባል ቦግ አለ! «ይህ ጠጠር ውሃን ነዳጅ ያደርጋል፤ ከእንግዲህ ላምባ መግዛት ቀረ!» ብሎ ጮኸ። እኒህ እናት ለሁለት ሳምንት ላምባ ያስቀመጧትን ገንዘብ አውጥተው አንድ ከረጢት ጠጠር ገዙ። በመጀመሪያው ማታ ነደደ። በሁለተኛውም ማታ ነደደ። በሦስተኛው ማታ ጠጠሩ አለቀ። ጣሳው ውስጥ የቀረው ኖራ የመሰለ ነጭ ጭቃ ነው። ላምባም የለ፣ ገንዘብም የለ።

እኔም ቸኩዬ፣ «እማማ፣ ውሃ እኮ አይነድም፤ አታለውዎታል» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«መምህር፣ ውሃው ነዷል። በዓይኔ አይቻለሁ። እጄንም ሞቆኛል። ታዲያ የተታለልኩት ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጥያቄው ልክ አይደለም እንዴ? ሰው በዓይኑ ያየውን «አላየህም» ማለት ማስተማር አይደለም። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ይዤው የወጣሁትን የሳይንስ ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ማታ ጀምሮ አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ጠጠሩ ምን ነበር?

በማግሥቱ እኒያን እናት፣ «እማማ፣ ጠጠሩ ምን ምን ይሸት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት» አሉ። አወቅሁት። ካርባይድ ነው። ብረት በያጆች በየጋራዡ የሚጠቀሙበት ነገር ነው።

ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይሰጣል። የሚነደው ይህ ጋዝ ነው። ጋዙን የሰጠው ኃይል ግን ከውሃው አልመጣም። ካርባይድ በፋብሪካ ሲሠራ ኖራና የከሰል ድንጋይ ተዋጽኦ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ወደ 2,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራሉ። ያ ሁሉ ኃይል ጠጠሩ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ውሃው ሲመጣ እስሩን ይፈታዋል።

እንግዲህ እሳቱ እውነት ነበር። ውሸቱ «ውሃ ነዳጅ ሆነ» የሚለው ቃል ነው። ነዳጁ ጠጠሩ ነው። ጠጠሩ ሲያልቅ እሳቱም ያልቃል። ውሃማ ከወንዝ ሞልቶ ነበር።

ውሃ ለምን ራሱ አይነድም?

ውሃ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፦ ከሃይድሮጂንና ከኦክሲጂን። በ9 ኪሎ ውሃ ውስጥ 1 ኪሎ ሃይድሮጂን አለ። የቀረው 8 ኪሎ ኦክሲጂን ነው። ሃይድሮጂን ለብቻው ሲሆን ደህና አድርጎ ይነዳል። 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ሲነድ ከ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል።

ታዲያ ሃይድሮጂን ሲነድ ምን ይሆናል? ከአየር ውስጥ ኦክሲጂን ይዞ ውሃ ይሆናል። ልብ በሉ! እንጨት ሲነድ አመድ ይተዋል። ሃይድሮጂን ሲነድ ውሃ ይተዋል። ስለዚህ ውሃ የሃይድሮጂን አመድ ነው ማለት ይቻላል። አመድን ማን አንድዶ ያውቃል? አመዱን መልሶ እንጨት ለማድረግ የፀሐይ ኃይል፣ አፈር፣ ዝናብና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ውሃንም መልሶ ሃይድሮጂን ለማድረግ ከሌላ ቦታ ኃይል ማምጣት ግድ ነው።

እውነተኛው ዱቄት

አሁን ደግሞ የሚያስገርመውን ልንገራችሁ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን የሚሰጥ ዱቄት በእርግጥ አለ። ስሙ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ይባላል። ስሙ ረጅም ነውና በዚህ ንግግር «ነጩ ጨው» እንበለው። የወጥ ጨው ግን አይደለም፤ አይቀመስም።

ነጩን ጨው ያገኙት በአሜሪካ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ሽሌሲንገርና ብራውን የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። የዚያ አገር ጦር በሜዳ ላይ ፊኛ የሚሞላበት ሃይድሮጂን ይፈልግ ነበር። ሥራቸው በ1953 ታተመ። ኸርበርት ብራውን በቦሮን ላይ ለሠራው ሥራ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 38 ግራም ነጭ ጨው ከ36 ግራም ውሃ ጋር ሲዋሃድ 8 ግራም ሃይድሮጂን ይሰጣል። 66 ግራም ደግሞ ቦሬት የሚባል ዝቃጭ ይቀራል። ደምሩት፤ 38 እና 36 ሲደመር 74 ነው። 8 እና 66 ሲደመርም 74 ነው። ምንም አልጠፋም፣ ምንም አልተጨመረም።

8 ግራም ምን አላት አትበሉ። ጋዝ ነውና ወደ 90 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ተኩል ይሞላል ማለት ነው። ከዚህ ሃይድሮጂን ግማሹ የመጣው ከጨው፣ ግማሹ ከውሃው ነው። ውሃው የራሱን ሃይድሮጂን የለቀቀው ግን ጨው ውስጥ ታስሮ የነበረ ኃይል ስላስለቀቀው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂኑ ወዲያው አይወጣም። ትንሽ ትንሽ እያለ ይንጠባጠባል። ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርበትማ ጭራሽ ዝም ይላል። ለማስቀመጥ ይህ ጥሩ ነው፤ ፈሳሹ በዕቃ ውስጥ ሳይበላሽ ይቆያል። በተፈለገ ጊዜ ግን ቶሎ እንዲለቅ ማን ያዘው? ያን ጊዜ ነው አፋጣኙ የሚጠራው።

አፋጣኝ እንደ ሽማግሌ ነው

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው በሁለቱ ቤት መካከል ይገባል፤ ያነጋግራል፤ ያስማማል። ሠርጉ ከተደገሰ በኋላ ሙሽራው ከሙሽሪት ጋር ይሄዳል። ሽማግሌውስ? ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገ ለሌላ ጋብቻ ይላካል።

አፋጣኝም እንዲሁ ነው። በነጩ ጨውና በውሃው መካከል ይገባል፤ ያገናኛቸዋል፤ ሃይድሮጂኑ ሲወጣ እሱ እንዳለ ይቀራል። ደግሞም ሁለቱ ቤቶች ጨርሶ የማይፈላለጉ ከሆነ ሽማግሌ ጋብቻ አይፈጥርም። አፋጣኝም የሌለ ኃይል አይፈጥርም። ሊሆን የሚችለውን ያፋጥናል እንጂ የማይሆነውን አያደርግም። ይህችን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አፋጣኝ ከእናንተም ሩቅ አይደለም። አንድ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጉና ሳትውጡ ጥቂት ደቂቃ አላምጡ። ቀስ በቀስ ይጣፍጣል። ምራቃችሁ ውስጥ ያለ አፋጣኝ የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር እየለወጠው ነው። ጠላ የምትጠምቁ እናቶችም ብቅልን ታውቁታላችሁ። ብቅሉ ውስጥ ያለው አፋጣኝ ነው የእህሉን ስታርች ስኳር የሚያደርገው።

ሊቃውንት አፋጣኝን በሃይድሮጂን ላይ ማሠራት ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1823 ዶበራይነር የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ አንድ መብራት ሠራ። ዚንክ የተባለው ብረት አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይወጣል። ጋዙ ፕላቲኒየም በሚባል ውድ ብረት ላይ ሲነፍስ ያለ ክብሪት ይነዳል። ፕላቲኒየሙ አፋጣኝ ነበር። የዛሬው ዓይነት የሚጫር ክብሪት ገና አልወጣም ነበርና ሰዎች በዚህ መሣሪያ እሳት ይጭሩ ነበር። ከዚያም በ1835 የስዊድኑ ሊቅ ቤርሴሊየስ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ካታሊሲስ የሚል ስም አወጣለት።

ለነጩ ጨው የትኛው ሽማግሌ ይሻላል?

ሽሌሲንገርና ብራውን የኮባልት ጨው ሞክረው ነበር። ፈጠን አለላቸው። ኋላ ሩቴኒየም የተባለው ብረት ተሞከረ። እሱም በጣም ፈጣን ሆነ። ነገር ግን ሩቴኒየም በምድር ላይ ጥቂት የሚገኝ፣ ዋጋውም ውድ የሆነ ብረት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ርካሽ ወደሆኑት ወደ ኮባልትና ወደ ኒኬል ተመልሰው ብዙ ደክመዋል።

አፋጣኙ ሥራውን የሚሠራው በላዩ፣ በገጹ ነው። እንጨት ስትፈልጡ ለምንድን ነው ፍልጡ ከግንዱ ቀድሞ የሚነደው? አየር የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ነው። አፋጣኙንም አድቅቀው፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ኒኬል ላይ ይለብጡታል። ፈሳሹ በዚያ ላይ ሲያልፍ ሃይድሮጂን ይንተከተካል። ፈሳሹን ስታቆሙ ሃይድሮጂኑም ይቆማል። እንደ ቧንቧ ነው፤ ትከፍቱታላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ።

ሽማግሌም ይደክማል። አረፋው ሲንተከተክ ልባጩን እየላጠ ይወስደዋል። ቦሬቱም እንደ ዝገት በላዩ ይለጠፍና ገጹን ይሸፍናል። ስለዚህ የተመራማሪው ሥራ ሦስት ነው፦ አፋጣኙ ፈጣን እንዲሆን፣ ርካሽ እንዲሆን፣ ብዙ ቀን እንዲቆይ ማድረግ። አንዱን ማግኘት ቀላል ነው። ሦስቱን ባንድነት ማግኘት ነው ያስቸገረው።

ሃይድሮጂኑ ወዴት ይሄዳል?

ወደ ነዳጅ ሴል ይገባል። እዚያ ውስጥ እሳት የለም፣ ጭስም የለም። በአንዱ ጎን ሃይድሮጂን፣ በሌላው ጎን አየር ይገባል። በመካከላቸው ስስ ገለፈት አለ። በገለፈቱ ግራና ቀኝ ሌላ አፋጣኝ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ፕላቲኒየም ነው። ይህ አፋጣኝ ሃይድሮጂኑን ይከፍለዋል። አንዱ ክፍል በገለፈቱ ያልፋል። ሌላው ክፍል፣ ኤሌክትሮን የሚባለው፣ በገለፈቱ ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። በሽቦ ሲሄድ አምፖል ያበራል። በወዲያኛው ጎን ሁለቱ ከኦክሲጂን ጋር ይገናኙና ውሃ ይሆናሉ።

የአሳቡ መሠረት የተጣለው በ1839 ነው፤ ያሳየውም ግሮቭ የተባለ ሰው ነው። በ1969 ሰዎች ወደ ጨረቃ በሄዱ ጊዜ የአፖሎ መንኮራኩር ኤሌክትሪክ ያገኘችው ከነዳጅ ሴል ነበር። ጠፈርተኞቹም ከዚያ የወጣውን ውሃ ይጠጡ ነበር።

አንዱ ሴል የሚሰጠው ከ1 ቮልት ያነሰ ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ሴሎቹን እንደ እንጀራ ደራርበው ያስሯቸዋል።

ሃይድሮጂኑን በፈሳሽ ውስጥ ማስቀመጥ የተፈለገበት ምክንያትም ይህ ነው፦ ጋዙ ሰፊ ቦታ ይይዛል። 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ሳይታመቅ ከ11,000 ሊትር በላይ ነው። በባለ 200 ሊትር በርሜል ብትሰፍሩት 55 በርሜል አይበቃውም። በዛሬዎቹ የሃይድሮጂን መኪናዎች ከተራው አየር 700 እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት ታምቆ ነው የሚያዘው። በፈሳሽ መያዝ ቢቻል ይህ ሁሉ ግፊት በቀረ ነበር።

ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም?

በ2001 ክራይስለር የተባለው የመኪና ፋብሪካ በነጩ ጨው ፈሳሽ የሚሄድ መኪና ሠርቶ አሳየ። ስሟን ናትሪየም አላት። መኪናዋ ሄደች። አፋጣኙም ሠራ። ይሁንና በ2007 የአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት ይህ ዘዴ ለመኪና እንዳይቀጥል መከረ።

ምክንያቱን ገምቱ። ዝቃጩ ነው! ቦሬቱ ተመልሶ ነጭ ጨው ካልሆነ በቀር በየጊዜው አዲስ ጨው መግዛት ግድ ይሆናል። መልሶ ጨው ለማድረግ ደግሞ ብዙ ኃይልና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ውሃውና ዝቃጩም ክብደት አላቸው። አሁንም ተመራማሪዎች ቦሬቱን በርካሽ የሚመልሱበትን መንገድ ይፈልጋሉ። እስከዚያው ይህ ነዳጅ የሚስማማው ዋጋው ለማያሳስብባቸው ትንንሽ ሥራዎች ነው።

አያችሁ? በአሜሪካ የነበሩት ሊቃውንትና ጌሾ ሻጯ እናት የደረሱበት ቦታ አንድ ነው። ጣሳው ውስጥ የቀረው ነጭ ጭቃ ነው ሁለቱንም ያቆማቸው።

ተጠንቀቁ!

ይህን ሳልናገር ብሰናበት ጥፋት ይሆንብኛል። ሃይድሮጂን ሽታ የለውም። በቀን ብርሃን ነበልባሉ እንኳ አይታይም ማለት ይቻላል። ከ100 እጅ አየር 4 እጅ ያህል ሃይድሮጂን ከተቀላቀለ በአንዲት ብልጭታ ይነዳል፣ ይፈነዳል።

«እኔ ከሃይድሮጂን ጋር ምን አለኝ?» የሚል ይኖራል። አለው። አሲድ ያለው የመኪና ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ሃይድሮጂን ይወጣዋል። የፀሐይ መብራት የሚያጠራቅመው እንዲህ ያለው ባትሪም ያው ነው። ስለዚህ ባትሪ በተዘጋ ክፍል አትሙሉ። ከምትተኙበት ክፍል አርቁት። ውስጡን ለማየት ኩራዝ፣ ክብሪት ወይም ሲጋራ አታስጠጉ። ካርባይድንም ቤት አታስገቡ፤ ጋዙ ይፈነዳል። ኮስቲክ ሶዳ በአሉሚኒየም ድስት አታድርጉ፤ ድስቱን እየበላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ዓይንም ያጠፋል። ዛሬ የሰማችሁትን በቤታችሁ አትሞክሩ። ዳቦውን ማላመጥ ግን ትችላላችሁ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በሚቀጥለው ማታ በክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «እማማ፣ ያዩት እውነት ነው። የሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ከዚያም ይህን ሁሉ እንዲህ እንደምነግራችሁ ነገርኳቸው። ሲጨርሱ ሲሰሙ ቆዩና፣ «እንግዲያው የሸጠልኝ የሌላ አገር እሳት ነው፤ ውሃ ነው ብሎ ሸጠልኝ» አሉ። ከእኔ ንግግር የእሳቸው አጠረ፣ ተሻለም።

ያን ማታ ሦስት ጥያቄዎችን በሰሌዳው ላይ ጻፍን። እሳቸውም በደብተራቸው ገለበጧቸው፦

1. ኃይሉ ከየት መጣ?
2. ሲያልቅ ምን ይቀራል?
3. የቀረውን ማን ይመልሰዋል? በስንት ዋጋ?

አዲስ ነዳጅ፣ አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ማዳበሪያ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ሰው እነዚህን ሦስቱን ይመልስ። አፋጣኝ አለኝ ቢላችሁም ሽማግሌውን አስቡ፤ የሌለ ሙሽራ ከየትም አያመጣም።

የእናታችን ገንዘብ አልተመለሰም። ጠጠር ሻጩ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ገበያው ብቅ አለ። እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ሄዱና ሰው በተሰበሰበበት ሦስቱን ጥያቄዎች ጮክ ብለው አነበቡለት። መልስ አልነበረውም። ያን ቀን ማንም አልገዛውም።

ንባብ ለዚህ ነው። ደህና ሰንብቱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ውሃን የሃይድሮጂን አመድ ያልነው ለምንድን ነው?
2. አፋጣኝ ከሽማግሌ ጋር በምን ይመሳሰላል?
3. 76 ግራም ነጭ ጨው ስንት ግራም ሃይድሮጂን ይሰጣል? ስንት ግራም ውሃስ ይፈልጋል?
4. በአካባቢያችሁ ባትሪ የሚሞላው የት ነው? አየር የሚገባበት ቦታ ነው? ሄዳችሁ እዩና ለቡድናችሁ ንገሩ።